ማንም የማያነበው ጽሑፍ

ኑ፣ ግቡ። ያ ወንበር እግሩ ስለሚወላገድ ተዉት፤ ምንጣፉ ይሻላችኋል። ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ድምፄ እንደ ድሮው ርቆ አይሄድም። የምነግራችሁ ነገር ኮምቦልቻ ላይ የሆነ ነው፤ በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር። አላጋንነውም፤ ማጋነን የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። እናንተ ብቻ ሳትቸኩሉ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

በዚያ ዘመን ሰው አይጽፍም ነበር። ተከልክሎ አይደለም፤ አያስፈልገውም ነበር። ማመልከቻውን፣ የሠርግ ጥሪውን፣ የይቅርታ ደብዳቤውን፣ ለወደዳት ልጅ የሚልከውን ቃል ሳይቀር የሚጽፍለት «ጸሐፊው» የሚሉት መሣሪያ ነው። ሰው ሐሳቡን ግማሽ ያህል በአፉ ሲጀምርለት ጸሐፊው ይጨርስለታል። በተቀባዩ ቤት ያለው ሌላ መሣሪያ፣ አንባቢው፣ ደግሞ መልእክቱን ተቀብሎ፣ አሳጥሮ፣ «ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለዎታል» ይላል። አለቀ። ይኼ ማንንም አይገርምም ነበር። እኛን ዛሬ ቧንቧ ከፍተን ውሃ መቅዳት ይገርመናል? እንደዚያ ነው።

ችግሩ የመጣው ዘግይቶ ነው። ጸሐፊው የሚጽፈውን ከራሱ ጽሑፍ እየተማረ፣ ያንኑ መልሶ እየጻፈ፣ ነገሩ ሁሉ ሦስተኛ ውሃ እንደገባበት ሻይ ቀጠነ። ጣዕሙ ጠፋ። ስለዚህ ታዘዘ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ በቀን አንድ ሰዓት፣ በገዛ እጁ፣ ከገዛ ራሱ አውጥቶ እንዲጽፍ። ትምህርቱ «ለመረብ መጻፍ» ይባላል። ተማሪው ጠረጴዛው ላይ ባለው ሰሌዳ ጽፎ ሲጨርስ በጠረጴዛው ጥግ ላይ ቁጥር ይበራል። ከሰማንያ በላይ ከሆነ ጽሑፉ «ትኩስ» ነው፤ ወዲያው ጸሐፊዎቹ ሁሉ ወደሚማሩበት መረብ ይለቀቃል። በዓመት አንድ ትኩስ ያላወጣ ተማሪ ክፍሉን ይደግማል።

ልጆቹ ያንን ሰዓት «አለባ» ይሉት ነበር። ላም እንደሚታለብ ማለታቸው ነው።

ሐመልማል ያፌት በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ቀጭን፣ ዝም ያለች፣ ስትናደድ ጥፍሯን የምትበላ ልጅ ናት። በክፍሏ ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች ነበሩ። በየሳምንቱ ዓርብ ከአለባ በፊት አንድ ቅጽ ይሞላሉ፤ ስለ ትምህርቱ ያላቸውን አመለካከት የሚጠይቅ። «ለመረብ መጻፍ በመማሬ ደስተኛ ነኝ» ይላል የመጀመሪያው፤ እጅግ እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ልጆቹ ሳያነቡት መሀል ላይ ይነካሉ። የመጨረሻው ጥያቄ፣ «ጽሑፍህን ማን ያነበዋል ብለህ ታስባለህ?» የሚል ነው። በዚህኛው ላይ ሠላሳ ስምንቱም አንድ ዓይነት መልስ ነበራቸው፦ ማንም።

መምህር ኑረዲን ቅጹን ሰብስቦ፣ «አመለካከት፦ የተለመደ» ብሎ ይመዘግባል። ጥሩ ሰው ነበር። ጽሑፎቹን እንዲያነብ ግን አይጠበቅበትም፤ ሥራው ቁጥሩን መያዝ ነው።

ከሐመልማል ጎን የሚቀመጠው ፈድሉ የሚባል ለፍላፊ ልጅ ነው።

«ዛሬስ ስንት ሊትር ሰጠሽ?» ይላታል።

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

«ስለ ምን ጻፍሽ?»

«ስለ ቦርከና ወንዝ።»

«አይ አንቺ! ቦርከናን ያልጻፈበት ማን አለ? ወንዙ ራሱ ሰልችቶታል። ስለ እናት ፍቅር እንዳትጽፊ ደግሞ፣ እሱ ሃያም አይሞላ።» ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ «አሚናትን አላየሻትም? እናትና አባቷ ሲፋቱ ሰማንያ አራት አመጣች። እንቅልፏን ነው አሁን የምትለጥጠው። አንቺ ቤት የሚጣላ ሰው የለም? የታመመ? ምንም?»

«ምንም» አለች ሐመልማል።

ይኼ የተባለው በጥቅምት ነው። ያኔ እውነቷን ነበር።

የሐመልማል ቤት ከየጎፍ ተራራ ሥር ነው። እዚያ ከአባቷ ከያፌት፣ ከእናቷ ከማኅቶትና ከአያቷ ከአባባ ኢዩኤል ጋር ትኖራለች። አባባ ኢዩኤል ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። በጉብዝናው ባቡር ጣቢያ የጭነት ስምሪት ሠራተኛ ነበር። ልቡ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል መሣሪያ ተተክላለታለች፤ ሐኪሙ፣ «ድንገተኛ ነገር አታሰሙት» ብሏል። የእሱ ትውልድ፣ ያው እንደምታውቁት፣ ስልክ ላይ ተኝቶ ስልክ ላይ የሚነሳ ትውልድ ነበር። «በኛ ጊዜ ሁሉም ሰው ይጽፍ ነበር» ይላል አንዳንዴ፤ «ስድቡም እንኳ የሰው ነበር።» ልጆቹ ይስቁበታል።

ታናሹ ልጁ ሶፎንያስ ዳሎል የማዕድን ሥራ ላይ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ራት እንደተነሳ፣ መደርደሪያው ላይ በተቀመጠው አንባቢ በኩል ሰላምታ ይልካል። «አባባ፣ እንዴት ዋልክ? እዚህ ሙቀቱ ድንጋይ ይጠብሳል።» ቀልዱ ሁሌም አንድ ነው። አባባ ኢዩኤል ሁሌም ይስቃል። ሲጨርስም ሁሌም፣ «መቼ ትመጣለህ?» ይለዋል። ሶፎንያስም፣ «ለበዓል» ይላል።

ሶፎንያስ በኅዳር ሦስተኛው ሰኞ፣ የማታ ሰላምታውን ከላከ በኋላ፣ የጭነት መኪና ተገልብጦበት ሞተ።

ወሬው ለያፌት ደረሰው። ሌሊቱን ሄደ፤ ማክሰኞ እዚያው በሙቀቱ ምድር ወንድሙን ቀበረ፤ ረቡዕ ተመለሰ። ለአባቱ፣ «ለሥራ ነበር» አለ። እንግዲህ ልጆቼ፣ በዚያ ዘመን ብዙ ነገር ተለውጧል፤ መርዶ ግን አልተለወጠም ነበር። የልጅ ሞት በመንገድ ላይ፣ በስልክ፣ ቆሞ አይነገርም። ዘመድ ይመካከራል። ቀን ይቆረጣል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ገብተው፣ ቁጭ ብለው፣ ነገሩን ከሩቅ አምጥተው ቀስ አድርገው ያሳርፉታል። እስከዚያ ቤተሰቡ እያወቀ እንዳላወቀ ይሆናል። ይበላል፣ ይጫወታል፣ ጥቁር ልብሱን ይደብቃል። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ እንድሪስ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር እሑድ ማለዳ እንዲመጡ ተቆረጠ።

ግን ያፌት ሳይመለስም ማክሰኞ ምሽት አንድ ሰዓት መድረሱ አይቀርም። ሰላምታው አንድ ቀን ከቀረ ሽማግሌው ያውቃል። ማኅቶት ጓዳ ገብታ ለጸሐፊው አንሾካሾከችለት። ጸሐፊው የአሥራ አንድ ዓመት የሶፎንያስ ሰላምታ በእጁ አለው። አልተቸገረም።

ልክ በአንድ ሰዓት፣ «አባባ፣ እንዴት ዋልክ?» አለ የሶፎንያስ ድምፅ። «እዚህ ሙቀቱ ድንጋይ ይጠብሳል።»

አባባ ኢዩኤል ሳቀ። እነሱም ሳቁ።

ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። ሐሙስም። ሐሙስ ምሽት ሽማግሌው ወደ መኝታው ሲገባ ያፌት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሑድ የግድ ነው እንዴ? ልቡ ትንሽ ይጠንክር። ከገና በኋላ ብናደርገውስ?» አለ። ጎንደር ያለችው እህቱ ጽዮን ስትጠየቅ፣ «ምን ቸገረን፣ ደህና እየሄደ አይደል?» አለች። ማኅቶት አልተቃወመችም። ሐመልማል ጥፍሯን እስከ ሥጋው በላችው። ቀኑ ተገፋ።

ዓርብ ዕለት አለባ የዋለው ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ነበር።

ቅጹን ሞላች። «ማን ያነበዋል?» በሚለው ላይ «ማንም» አለች። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች። ሠላሳ ሰባት ልጆች በዙሪያዋ ይጽፉ ነበር፤ አንዱም አንዱን አያይም። ያን ሁሉ ሰሞን ለማንም መናገር ያልቻለችው ነገር አለ። ማንም ለማያነበው ሰሌዳ መናገር ደግሞ እንደ መናገር አይቆጠርም። እንዲህ አሰበች። እንዲህም ጻፈች፦

«አጎቴ ሰኞ ዕለት ሞተ። ማክሰኞ ማታ ለአያቴ ሰላምታ ላከ። ረቡዕም ላከ። ትላንት ስለ ሙቀቱ ቀለደና ሁላችንም ሳቅን። ከሁላችን አባቴ አብልጦ ሳቀ። እናቴ ጥቁር ልብሷን ከጤፍ ከረጢት ሥር ደብቃለች፤ ስታለቅስ ቧንቧ ትከፍታለች። ሦስት ሽማግሌዎች እሑድ ይመጣሉ ተብሎ ነበር፤ አሁን ከገና በኋላ ተባለ። ከገና በኋላም የሚመጡ አይመስለኝም። አያቴ ስቆ ሲጨርስ ‹መቼ ትመጣለህ?› ይላል። ድምፁ ‹ለበዓል› ይላል። የትኛው በዓል እንደሆነ አይናገርም። ሁሉም ሰው አያቴ እንዳይሰማ ይፈራል። እኔ የምፈራው ሳይሰማ እንዳይቀር ነው።»

ቁጥሩ በራ። ዘጠና ስድስት።

ፈድሉ አንገቱን አሰገገ። «ዘጠና ስንት?» አለ። «አንቺ ልጅ፣ ምን አርደሽ ነው?»

ጽሑፉ ወጥቷል፤ ጠረጴዛው ነጭ ሆኗል። ቅልል አላት። ይኼንን አልደብቃችሁም፤ በጣም ቅልል አላት።

ደውል ሲደወል መምህር ኑረዲን ጠራት። ፊቱ ሁሉ ፈክቷል።

«ጎበዝ ሐመልማል! የትምህርት ቤታችን ትልቁ ነው። ነይ ስርጭቱን ላሳይሽ።» ሰሌዳውን ወደ እሷ አዞረው። «አራት ሚሊዮን ጸሐፊ ወስዶታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ!»

«ሰውስ?» አለች ለጨዋታ ያህል።

«ሰው ያው አንድ ነው» አለ መምህር ኑረዲን።

«አንድ ማለት?»

«አይ፣ እሱ የመሣሪያው ስህተት ነው። ከኛ ልጆች ወደ መረብ በወጣው ሁሉ ላይ ‹ሰው አድማጭ፦ አንድ› ይላል። ዘንድሮ አይደለም፣ አምናም ካቻምናም። በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ የትላንቱን ሁሉ የሚያስነብብ ሰው አለ ነው የሚለን። ሳያሳጥር! ማን ያደርገዋል? ጥገና ጠይቄ ነበር፣ መልስ አልሰጡኝም።»

«አድራሻ አለው?»

«አለው መሰለኝ።» ጣቱን አስኬደ። «ይኸው። ከየጎፍ ሥር፣ የቤት ቁጥር ሰባት መቶ አሥራ ሁለት።»

ሐመልማል ቁጥሩን ደግማ አነበበችው።

እሷ በማለዳ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከቤት ትወጣለች። አያቷ አንድ ሰዓት ላይ ምን እንደሚሰማ ጠይቃው አታውቅም። ዜና ይሰማል ነበር የሚመስላት።

«መምህር፣ ይመለስልኝ» አለች። «ጽሑፉን መልሱልኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«የኛ ቤት ነው። አያቴ ነው። መርዶ አልተነገረውም!»

መምህር ኑረዲን ያኔ፣ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የተማሪ ጽሑፍ ከፍቶ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ከወንበሩ ተነሳ። ለምን እንደተነሳ የሚያውቅ አይመስልም።

«ማስመለሻው ማመልከቻ ነው» አለ በመጨረሻ። «የሚታየው ሰኞ ነው።» ከዚያም፣ «የሚሰማው ነገ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ዛሬ አይደለም። ሩጪ፣ ልጄ።»

ሮጠች። ቤት ስትደርስ አያቷ በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ወደ የጎፍ ተራራ ዞሮ ተቀምጧል። ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ጥብቅ አድርጎ ይዟል። እንደሚያርፍ ሰው ነበር የታያት። በጓሮ ዞራ እናቷን ጓዳ አገኘቻት።

«እማ፣ ጥፋት አጠፋሁ።»

ነገረቻት። ማኅቶት ሰምታ ስትጨርስ እጇን አነሳች፤ ከዚያ ያንኑ እጅ አፏ ላይ ጫነችው።

«ምን አስበሽ ነው? ምን አስበሽ?»

«ማንም አያነበውም ብዬ ነው። እውነቴን ነው እማ፣ ማንም አያነበውም ነበር የሚሉን።»

«አንባቢው የኔን መልእክት አሳጥሮ ሲነግረኝ ‹ልጅሽ ዛሬ ጽፋለች፣ በጣም ጥሩ ነው› አለኝ!» አለች ማኅቶት። «እኔም ደስ ብሎኝ ‹አመሰግናለሁ› አልኩት!»

ያፌት ሲመጣ ሦስቱ ጓዳ ተዘግተው ቆሙ። ያፌት መጀመሪያ ያሰበው የአንባቢውን ሽቦ መንቀል ነው።

«ነገ ብትነቅለው» አለች ማኅቶት፣ «ከነገ ወዲያስ?»

«ተበላሸ እንላለን።»

«ከተበላሸ የሶፎንያስስ ሰላምታ በየት በኩል ሊገባ ነው?»

ሐመልማል አባቷን እንደዚያ ሆኖ አይታው አታውቅም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነኝ የቀበርኩት» አለ። «በእጄ አፈር አልብሼው መጥቼ፣ ማታ ማታ ድምፁን ስሰማ ያልሞተ እየመሰለኝ ነው። ለአባቴ ብዬ እንዳይመስላችሁ።»

ቆይቶ ተነሳ። ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ደወለ፤ በጸሐፊው ሳይሆን በገዛ አፉ። «ጋሼ፣ ነገ ማለዳ ይሁንልን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳያልፍ። አንድ ሰዓት ሳይሆን መነገር አለበት።»

ራት ቀረበ። አባባ ኢዩኤል ከወትሮው ትንሽ በላ። ሁሉም አየ፤ ማንም አልጠየቀም። አንድ ሰዓት ሲሆን ድምፁ መጣ። የዛሬውን ሊያስቀሩት ተነጋግረው ነበር፤ ማኅቶት ናት እንቢ ያለችው፤ ሽማግሌ በሌለበት፣ ዘመድ በሌለበት ሰዓት እንዳይጠረጥር ብላ።

«አባባ፣ እንዴት ዋልክ? እዚህ ሙቀቱ ድንጋይ ይጠብሳል።»

አባባ ኢዩኤል አልሳቀም። አንባቢውን ትክ ብሎ አየው።

«ሶፊዬ» አለ። «ትምህርቱን ትተህ ሥራ ስትገባ ክፉ ተናግሬሃለሁ። ይቅር በለኝ። ጎበዝ ልጅ ነበርክ። በል፣ እረፍ።»

ከዚያ የሶፎንያስ ድምፅ በደስታ፣ «ለበዓል እመጣለሁ አባባ!» አለ።

ማንም አልጠየቀውም ነበር። ሐመልማል ቀና ስትል ከአያቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እሱ ነው ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው።

«ነጩ ጋቢዬ ታጥቧል?» አለ ወደ ማኅቶት ዞሮ።

«ታጥቧል አባባ። ምነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። ጫማዬንም ከአልጋው ሥር አውጡልኝ።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋሽ እንድሪስ ሁለቱን ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ነጭ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ግቢው ገባ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይጠብቃል። እንደ ወጉ የተኛውን ሰው ቀስ ብለው ሊቀሰቅሱ ነበር ሐሳባቸው። አባባ ኢዩኤል ግን አልተኛም። ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሦስት ናቸው።

ጋሽ እንድሪስ ወንበሮቹን አየ፤ ሽማግሌውን አየ። የገባው ነገር ካለ አላወጣውም። ተቀመጠ።

«ኢዩኤል» አለ፤ «እንግዲህ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፤ ሰው ወልደህ ሰው ያደረግህ ሰው ነህ። ፈጣሪ የሰጠውን…»

አባባ ኢዩኤል አላቋረጠውም። ጋሽ እንድሪስ ነገሩን ከሩቅ ሲያመጣ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ መንገድ አደጋ ሲያወራ፣ ቃል በቃል ተከትሎ አዳመጠው። ስሙ እስኪጠራ ጠበቀ። «ሶፎንያስ ልጅህ» ሲባል ጊዜ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለና አለቀሰ። የምሩን አለቀሰ። በሩ ተከፍቶ ጎረቤቱ ገባ። ማኅቶት ከረጢቱን አንስታ ጥቁር ልብሷን አወጣች፤ ያን ቀን ቧንቧ አልከፈተችም። ያፌት አባቱ እግር ሥር ተደፍቶ ጮኸ።

አንድ ሰዓት ሲሆን አንባቢው ከመደርደሪያው ላይ፣ «የኮምቦልቻ ልጆች ትላንት የጻፉትን ላንብብልዎ?» አለ። በጩኸቱ መሀል የሰማው የለም። ሐመልማል ሄዳ አጠፋችው።

በሠልስቱ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳሳ ሲል፣ አያቷ እጁን ዘርግቶ ጠራት። ጎኑ ተቀመጠች።

«ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ሰማሁት» አላት።

ሐመልማል ቀና ብላ አየችው።

«የሌሎቹን ማለዳ ነው የምሰማው። ያንቺን ግን፣ በወጣ ሰዓት ንገረኝ ብዬ ከመስከረም ጀምሮ አዝዤው ነበር። ስጠብቅ ስጠብቅ፣ ዓርብ ጠራኝ። ‹ላሳጥርልዎ?› አለ። አታሳጥር፣ የልጄ ልጅ ናት፣ እንዳለ አንብበው አልኩት። በመጀመሪያው አልሰማሁትም። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።»

«አባባ…»

«ጉልበቴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ይቺ የምስር ፍሬ የምትሏት ስትንደቀደቅ ነበር፤ ቻለችው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አውቄአለሁ ብል ማን ይነግረኛል?» አለ። «እንድሪስ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ምን ሊል ነው? እናትሽስ መቼ ልታለቅስ ነው? መርዶ ለኔ ብቻ መሰለሽ? ለነጋሪውም ነው። ሲመሻሽ ጓዳ ተዘግታችሁ ስታንሾካሹኩ ሰማሁ፤ ነገ ሊነግሩኝ ነው አልኩ። አንድ ሌሊት መያዝ አያቅተኝም።»

«ይቅርታ። ማንም አያነበውም ብዬ ነው።»

ድንኳኑ ጥግ ሁለት ሴቶች ብርጭቆ ያጥባሉ።

«አባትሽ አብልጦ ሳቀ ብለሽ ጽፈሻል» አለ። «አይቼው ነበር። ምን ሆኖ ነው እል ነበር። አንቺ ባትጽፊው ኖሮ ልጄ፣ እስከ ዕለተ ሞቴ ከዚያ ዕቃ ጋር ስስቅ እኖር ነበር።» እጇን ወስዶ የተበላውን ጥፍሯን አየና በመዳፉ ሸፈነው። «ሌላ ጊዜ ግን፣ መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ፤ ከዚያ ጻፊው።»

ሐመልማል በሳምንቱ ዓርብ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ቅጹ መጣ። ልጆቹ መሀል መሀሉን ነኩ። እሷም ነካች። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ስትደርስ «ማንም» የሚለውን አልፋ፣ ባዶው ቦታ ላይ «ኢዩኤል» ብላ ጻፈች።

ፈድሉ አይቷታል። «ኢዩኤል ማነው?»

«አንድ ሰው ነው።»

«ያነባል?»

«ይሰማል። የሁላችንንም። በየማለዳው። አያቴ ነው።»

ፈድሉ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ከዚያ ቀስ በቀስ ፊቱ ቀላ። «ቆይ፣ ቆይ» አለ፤ «ያ አምና ስለ መምህራችን ጫማ የጻፍኩትንም?»

«አስቆኛል ብሏል።»

«የአላህ ያለህ!» ጭንቅላቱን ያዘ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «የምር ስቋል?» አለ።

«የምር።»

ፈድሉ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። የጀመረውን ሁሉ አጠፋና ከላይ፣ ከመጀመሪያው መስመር ላይ፣ «አባባ፣ እንደምን አደሩ? ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ። በጠረጴዛው ጥግ አሥራ አንድ ቁጥር በራ፤ ሰላምታ ትኩስ አይደለም። አየው። አላጠፋውም። መጻፉን ቀጠለ። ከኋላው የምትቀመጠው አሚናት ቀና ብላ፣ «ምን እየጻፍክ ነው?» አለችው፤ ነገራት። እሷም እንቅልፏን ትታ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

መምህር ኑረዲን ያን ዕለት ሲመዘግብ፣ «አመለካከት፦ የተለመደ» ብሎ ጀመረና አቆመ። ደለዘውና ባዶውን ተወው። ከዚያ ወንበሩን ስቦ የልጆቹን ጽሑፍ ከአንደኛው ጀምሮ ማንበብ ያዘ።

በቃ፣ ይኸው ነው። እግራችሁ ሳይደነዝዝ ተነሱ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ ነገ ተነገ ወዲያ እናንተም የሆነ ቦታ፣ ለሆነ ሰሌዳ፣ ማንም አያየውም ብላችሁ የምትጽፉት ነገር ይኖር ይሆናል። ያኔ እጃችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት፣ ከየጎፍ ሥር ጫማውን አስሮ የሚጠብቀውን ያንን ሰው አስታውሱልኝ። አደራ።